ዶሮ የሌለበት ማዕድ

«ማሽኖቹን ማን ግዛ አለህ? ማሽኖቹን ለቆራሌው እሸኛቸዋለሁ። እኔ የምሸጥልህ ወረቀቱን ነው።»

ሱት ሙይ ይህን የሰማችው ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ማዶ፣ በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ውሃ አንጠልጥላ እንደቆመች ነው። ውሃ በአራት ቀን አንዴ፣ ለአራት ሰዓት ብቻ በሚለቀቅበት በዚያ የድርቅ ዓመት፣ ሊ ቼንግ ኡክ ካለው የመንግሥት ብሎክ ገና ሳይነጋ ወርዳ፣ መንገድ ዳር ቧንቧ ላይ ተሰልፋ፣ ያገኘችውን ይዛ አራት ፎቅ ወጥታ ነው የመጣችው፤ ካውያው ያለ ውሃ አይሠራም። የስፌት ቤቱ ቁልፍ በእሷ እጅ ስለሆነ ሁልጊዜም የመጀመሪያዋ እሷ ነች። የባሏ ወንድም ካም ቶንግ ግን ባለቤት ነውና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ፊቱ አይታይም። ዛሬ ቀድሟት ገብቶ፣ ቢሮ ብሎ በጣውላ በከለላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስልኩን ሊውጠው ደርሶ ያንሾካሹካል። ሲያንሾካሹክ ደግሞ ከጮኸው የበለጠ የሚሰማ ሰው ነው። ባልዲዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሰው አላስፈለጋትም፤ በስፌት ቤቱ ውስጥ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር ወረቀት የሚባለው፣ ኮታው።

ይህ ኮታ የሚሉት ነገር ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ እንግሊዞቹ ናቸው የጀመሩት። የአገራቸው ሸማኔዎች «የሆንግ ኮንግ ጨርቅ እንጀራችንን ነጠቀን» ብለው ጮኹ፤ መንግሥታቸውም «እባካችሁ በገዛ ፈቃዳችሁ ቀንሱ» አለ። ቅኝ የተያዘ ሰው ፈቃድ ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀ አልነበረም። ቀጥሎ አሜሪካኖቹ መጡ። ልዑካን በአውሮፕላን ሄዱ፣ ልዑካን በአውሮፕላን መጡ፣ በየሆቴሉ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ መጨረሻ ላይ የመንግሥት ንግድ መምሪያው ለየስፌት ቤቱ አንድ ጥያቄ ላከ፤ ባለፉት በእነዚህና በእነዚህ ወራት ስንት ደርዘን ልካችኋል? ብዙ የላከ ብዙ ተፈቀደለት፣ ጥቂት የላከ ጥቂት። ከዚያ ወዲያ ያለ ወረቀቱ አንዲት ሸሚዝ ከወደቡ አትወጣም። እነዚያ ወራት ደግሞ የሱት ሙይ የመከራ ወራት ነበሩ። ባሏ ካም ፋይ ከዚሁ ጣውላ ጀርባ ተኝቶ ደም እየሳለ፣ እሷ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ኮሌታ ስትሰፋ ነበር፤ ይህ ትእዛዝ ካለቀ ሐኪም ቤት አስገባዋለሁ እያለች። ትእዛዙ አለቀ፣ እሱም አለቀ። መምሪያው ሲቆጥር ያ ሁሉ ስፌት በዓመት አራት ሺህ ሁለት መቶ ደርዘን የወንድ ሸሚዝ ሆኖ ተመዘገበ፤ ያችን ለምታህል ትንሽ ስፌት ቤት ብዙ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን በእጇ ይዛ ኮርታ ነበር። «ይሄ የካም ፋይ ትንፋሽ ነው» ብላ አልቅሳለች።

ካም ቶንግ ስልኩን ሲዘጋ እሷ በሩ ላይ ነበረች። ሥራ በቀዘቀዘ ዓመት መቶ፣ ሁለት መቶ ደርዘን ለትልልቆቹ ፋብሪካዎች ያከራይ እንደነበር ታውቃለች፤ ዘንድሮም እንደዚያው መሰላት፤ ለቆራሌው የሚሄዱትም አሮጌዎቹ ማሽኖች ብቻ መሰሏት። ግን ደርዘን ሲቀነስ እጅ ይቀነሳል፣ ዛሬ ደግሞ በቻይና አቆጣጠር የዓመቱ የመጨረሻ ወር አሥራ ስድስተኛ ቀን፣ አሠሪ ለሠራተኞቹ ግብር የሚያበላበት ቀን ነው። እንደዚያ ቀን የሚፈራ ማዕድ የለም። አሠሪ በአፉ «ከእንግዲህ አትምጪ» አይልም፣ ነውር ነው፤ ዶሮዋ ትናገርለታለች። የተቀቀለችው ዶሮ ከነጭንቅላቷ ትቀርባለች፣ ምንቃሯ ወደ ዞረበት ሰው፣ ወይም አሠሪው በገዛ እጁ ከሥጋዋ አንስቶ ሳህኑ ላይ ላስቀመጠለት ሰው፣ እንጀራው በዚያ አበቃ። የተሰናበተውም ምስጋና አቅርቦ፣ ያቀረቡለትን በልቶ ይነሳል። ከሁለት ዓመት በፊት የቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራ አንዲት ሴት ላይ ዞራ ነበር፤ ሴትየዋ ድርሻዋን ከነአጥንቱ ስታኝክ ሃያ ሁለት ሰው የገዛ ሳህኑን ሲያይ ነበር። እናም ሱት ሙይ ስለ ስልኩ ምንም ሳታነሳ፣ በሴት ወይዘሮ ዘዴ ዙሪያውን ሄደች።

«ለማታው ስንት ዶሮ ልግዛ?» አለችው።

ካም ቶንግ ሆዱን እያሻሸ ቀና አለ። ጨጓራው ያመዋል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አምሳ ይመስላል። «ዘንድሮ ዶሮ ይቅር፣ እትዬ። ዝይ ይግዙ። ዓሣም ደህናውን ይግዙ፣ ዋጋ አይከራከሩ።»

«ዶሮ ይቅር?»

«ማንም ላይ ዶሮ አላዞርም። በወንድሜ መቃብር።» ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። «የወንድሜን ማህተም ይዘውልኝ ይምጡ። አራት ሰዓት ላይ አንድ ቢሮ ደርሰን እንመለሳለን። ስሙ ያለበት ወረቀት ስላለ ያለ እርስዎ አይሆንም።»

የሱት ሙይ አንጀት ቅቤ ጠጣ። የሰማችውን ስልክ እንኳ ረሳችው ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚፈራው ነገር ሲቀርለት ሌላውን አይመረምርም። ሴቶቹ አንድ ባንድ ሲገቡ፣ የእጅጌ መከላከያቸውን ሲያጠልቁ፣ አምፖሎቹ ከየማሽኑ በላይ ሲበሩ፣ ሆዷ ወሬውን መያዝ አቃተው። አጠገቧ የምትቀመጠው ዮክ ሃ ናት፤ በብሎኩ ውስጥም ጎረቤቷ ናት፣ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን የላምባ ምድጃ ለኩሰው ያበስላሉ። ባሏ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር፤ ወገቡ ከተቆረጠ ወዲህ ቤት ውስጥ የላስቲክ አበባ ይሠራል፣ አምስት ነፍስ የምታድረው በዮክ ሃ ጣቶች ነው። እሷ ግን ቀልዷን አትተውም።

«ዛሬ ማታ እኔ ጋ ከዞረች ምንቃሯን ነክሼ ነው የምቆርጠው» አለች ዮክ ሃ፣ ክር በምላሷ እያረጠበች። «ደሞ ባዶ እጄን አልሄድም፣ ጭኗንም ይዤ ነው የምሄደው።»

«ዶሮ የለም» አለች ሱት ሙይ ቀስ ብላ።

«ምን?»

«ዝይ ነው የሚገዛው። ራሱ ነው ያለኝ። ማንም ላይ አላዞርም ብሎ ምሏል።»

ዮክ ሃ ማሽኗን አቆመች። አንዴ ሱት ሙይን አንዴ ጣውላውን አየች። ወሬው ከዚያ ከማሽን ማሽን ሲዘል፣ ኮሌታ ሰፊዎቹን አልፎ እጅጌ ገጣሚዎቹ ጋ ሲደርስ፣ መስኮቱ ሥር ቁልፍ የምትተክለው አሮጊቷ ፑን ጋ ሲያበቃ ለማየት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ፑን ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ዶሮዋ በየዓመቱ እሷን ስታይ ነው የምትውለው። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ሁለት እጇን ገጥማ ወደ ሱት ሙይ ዝቅ አለች። ሱት ሙይ አፈረች፤ ደስም አላት። እነዚህን ሁሉ ሴቶች ያመጣቻቸው እሷ ነች፣ ከብሎኩ፣ ከቧንቧው ሰልፍ፣ ከመጸዳጃው ደጃፍ፣ አንድ ባንድ። የዚያን ቀን ማሽኖቹ የሮጡትን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልሮጡም። ወለሉ ላይ የቀረው የዓመቱ የመጨረሻ ትእዛዝ ሦስት መቶ ደርዘን ነበር፣ ከአዲስ ዓመት በፊት መርከብ ላይ መውጣት ያለበት።

አራት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ተሳፍረው ወረዱ። ካም ቶንግ ሱፉን ለብሷል፤ ልዑካኑ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ከስፌት ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰዎች ጋር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዶ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር ሲይዝ የለበሰው ሱፍ ነው። በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጥቶ ነበር፤ ከእሱ የሚታየው አንድ ጆሮው ብቻ ነው፣ እሱ ግን ቆርጦ ይዞታል። ቢሮው እስኪጠራቸው ሥሩ ካለው ሻይ ቤት ገቡ። ሁለት ብርጭቆ ሻይና ሁለት ዳቦ ስልሳ ሳንቲም፤ ባለፈው ዓመት አርባ ነበር፣ አስተናጋጁ ውሃ እየገዛን ነው አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ራዲዮ ልዑካኑ መመለሳቸውን፣ ውይይቱ በመግባባት መንፈስ መካሄዱን፣ ቅኝ ግዛቲቱ ለሚቀጥለው ዓመት በፈቃደኝነት የተስማማችበት መጠን መወሰኑን ይናገራል። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ነጋዴ የሚመስል ሰው «በፈቃደኝነት!» ብሎ ሳቀ። «ጉሮሮህን አንቆ የያዘህም እኮ አንገትህን በፈቃድህ ሰጠኸኝ ነው የሚለው።» ካም ቶንግ አልሳቀም። ዳቦውን ቆርሶ ቆርሶ ሳህኑ ላይ ተወው። እሷም ምን ሆነሃል አላለችውም። እሷ የምታስበው ዝዩን ነበር፤ የትኛው ሱቅ ቆዳውን ደህና አድርጎ እንደሚጠብስ።

ቢሮው ረጅም መደርደሪያ፣ ከጀርባው ሸሚዛቸው የነጣ ጸሐፊዎች፣ ከፊቱ ወንበር ያጣ ሰልፈኛ ነበረው። አንድ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰው ጠብቋቸው ኖሮ ለካም ቶንግ ሲጋራ ሰጠው፤ ከሻንሃይ መጥቶ ቹን ዋን ላይ ትልቅ ፋብሪካ የከፈተው፣ ሻንሃዩ የሚሉት ባለሀብት ወኪል ነው። ሱት ሙይ ሰላም አለችው። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው፣ ገና ጢሙ ያልሞላ ጨዋ ልጅ፣ ማንበብ እንደማትችል ሲሰማ ወረቀቱን ወደ ራሱ አዙሮ በግልጽ አነበበላት።

«የኮታ ዝውውር። ከታም ወንድማማቾች ስፌት ቤት። የወንድ ሸሚዝ፣ ጥጥ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ ደርዘን። በሙሉ፣ በቋሚነት። ይስማማሉ እናት?»

«በሙሉ?» አለች።

«በሙሉ፣ እናት። ማህተሙ እዚህ ጋ ነው።»

ሱት ሙይ ወደ ካም ቶንግ ዞረች። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር፣ በጥር ብርድ። አላያትም፤ የሚያየው የጸሐፊውን ቀለም ዕቃ ነው። ማሽኖቹን ለቆራሌው እሸኛቸዋለሁ ያለው ያን ጊዜ ገባት፣ ዶሮው ለምን እንደቀረም ገባት። ሁሉንም የሚያሰናብት ሰው ማን ላይ ያዞራል? ምላሷ ላይ «አልስማማም» የሚለው ቃል ደርሶ ነበር። ግን ከኋላዋ አሥራ አምስት ሰው አለ፤ ወኪሉ ፈገግ ብሎ ያያል፤ ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ይጠብቃል። እሷ የሟች ሚስት፣ የባሏን ወንድም፣ የቤቱን የቀረ ወንድ፣ በባዕድ ፊት «ይሄ ሰው አታሎኛል» ብላ ልታዋርደው ነው? እናቷ ያላስተማረቻትን። ሰው ፊት አላዋርደውም፣ ቤት ስንገባ ልክ አገባዋለሁ አለች በልቧ፤ እዚህ እሺ እላለሁ፣ እዚያ አፈርሰዋለሁ። በሰፈሯ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው የሚፈርሰው፤ ሽማግሌ ፊት እሺ ይባላል፣ ጓዳ ውስጥ እምቢ ይባላል። የካም ፋይን ማህተም ከመሐረቧ ፈታች፣ ቀዩ ቀለም ላይ ጫን አደረገች፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ጸሐፊው እንዲደርቅ እፍ አለበት፣ አመሰገናት፣ ቀጣዩን ቁጥር ጠራ።

ደረጃው ላይ ክንዱን ያዘችው። «መልሰው።»

«ምኑን እትዬ?»

«ማህተሜን መልሰው።»

«ማህተሙማ እጅዎ ላይ ነው» አለ ካም ቶንግ። እጇ ላይ ነበር።

ልክ የማግባቱ ነገር አውቶቡስ ላይ ሆነ፣ ግን እሷ ሳትሆን እሱ ነው የተናገረው፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ለሕንፃዎቹ የሚያስረዳ ይመስል። አንድ ደርዘን ሸሚዝ ሰፍቶ ከሚያተርፈው፣ አንድ ደርዘን የመስፋት መብት ሸጦ የሚያገኘው ይበልጣል አለ። ልጅ እንኳ ይህን ያውቃል አለ። ሻንሃዩ አራት መቶ ማሽን አለው፣ እኛ ሃያ ሁለት፣ በሚቀጥለው ዓመት ልዑካኑ እንደገና ሄደው እንደገና «በፈቃዳችን» ብለው ሲመጡ ማን ይተርፋል? «እናታችን ናት የምንላት እንግሊዝ ራሷ ሸሚዛችሁን አልፈልግም ስትል፣ ባዕድ ምን ይበል እትዬ? እኔ ደክሞኛል። ጨጓራዬ ተበልቷል። እርስዎን አልጥልም፤ እቤቴ ይኖራሉ፣ ልጆቼ ይጦሩዎታል።»

«ሴቶቹስ?»

«ከአዲስ ዓመት በኋላ መጥተው በሩ ተዘግቶ ያገኙታል። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚህ ነው።»

«ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ወደ እሷ የዞረው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ በተሻላት። ከነገሯቸው ይቆማሉ አለ፣ ሦስት መቶው ደርዘን ወለል ላይ ይቀራል፤ ሸቀጡ ካልወጣ የዓመቱ ኮታ ጎደሎ ነው፣ ሻንሃዩ ገንዘቡን ይይዛል። የሴቶቹ የዓመት መጨረሻ ጉርሻ የሚከፈለው ከዚያ ገንዘብ ነው፤ ሌላ የለኝም፣ መሳቢያውን ይክፈቱና ይዩ። «ይንገሯቸው እንግዲህ። ባዶ እጃቸውን በዓል ይዋሉ። ወይ ዝም ይበሉና አሥራ ሁለት ቀን ይስፉ፣ ጉርሻቸውን ይዘው ይውጡ።» ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው ሱት ሙይን አያውቃትም ነበር። ዝምታው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ይነቅዝ ጀመር። ገበያ ወርዳ ሁለት ዝይ ገዛች፣ ዓሣ ገዛች፣ የአሳማ ሥጋና እንጉዳይ ገዛች። ዋጋ አልተከራከረችም። ዓሣ ሻጩ ገርሞት ሁለቴ አያት፤ ይህችን ሴት ሳንቲም ሳታስቀንስ ስትሄድ አይቷት አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኖቹ ቆሙ። የመቁረጫ ጠረጴዛዎቹ ተገጥመው የልብስ ልክ በሚነሳበት ቡናማ ወረቀት ተሸፈኑ፣ ወንበር ያልበቃቸው የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጡ። ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፤ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ስለሌለ በእርጥብ ጨርቅ ተራ በተራ ጠርገዋል። ሱት ሙይ ሳህኖቹን ስታቀርብ ሃያ ሁለት ጥንድ ዓይን እጇን ይከተላል። ዓሣው ቀረበ። እንጉዳዩ ቀረበ። ዝዩ ሲቀርብ አንድ ሰው ተነፈሰ። ከዚያ ሱት ሙይ ባዶ እጇን መጥታ ስትቀመጥ ሁሉም በአንዴ ሳቁ፣ ጮኹ፣ ጠረጴዛውን መቱ። ዮክ ሃ ተነስታ የሻይ ስኒዋን ከፍ አደረገች። «ለዶሮዋ!» አለች፣ «የትም ትሁን፣ ጭንቅላቷን ክንፏ ሥር ቀብራ ትተኛ! ሃያ ሁለት ሴት ያስለቀሰች ከይሲ!» ካም ቶንግ የሩዝ አረቄ ቀድቶ ጠጣ፣ በጣም ሠርታችኋል አለ፣ እነዚህን ሦስት መቶ ደርዘን በሰዓቱ እንጨርስ አለ፣ ጨጓራዬ አሞኛል ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጫማው ይሰማ ነበር። ሴቶቹ እግዚአብሔር ይማርህ በሚመስል ድምፅ ሸኙት፤ ደግ ሰው ነው ተባለ፣ ወንድሙን እየመሰለ መጣ ተባለ።

አሮጊቷ ፑን የዝይ ጭን ደረሳት። ጥርስ ስለሌላት ሥጋውን በጣቷ እየቦጨቀች፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን እየወረደ በላች። «ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች ለማንም ሳትል፣ «ይቺ ቀን ስትደርስ አሥር ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም። እትዬ፣ የባልሽን ነፍስ ይማርልሽ፣ ዘንድሮ ተኝቼ ነው የማድረው።» ሱት ሙይ ሩዟን ታኝካለች። ልንገራቸው? ይቅር? ጉርሻቸውን ይያዙ፣ አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ይርገሙኝ ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ የፑንን ጣቶች ታያለች። እውነቱን ለመናገር ከማንም በላይ ራሷን ጠላች። ካም ቶንግ ሸጠ፣ ሻንሃዩ ገዛ፣ እነዚያ ልዑካን ፈረሙ፤ ማህተሙን ያሳረፈች ግን እሷ ናት። በእነዚያ የመከራ ወራት እያንዳንዷን ሸሚዝ በትጋት ባትሰፋ ኖሮ የሚሸጥ ወረቀትም አይኖርም ነበር።

ዮክ ሃ ወንበሯን አስጠጋች። ቀልዱ ፊቷ ላይ የለም፤ ስታፍር እንደዚህ ነች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ ነበር» አለች። «አፍሬ ቆይቼ ነው። ልጄን ታውቂያታለሽ፣ ላይ ፋን፣ አሥራ አራት ሞላት። አስተማሪዋ ፈጣን ናት፣ እንዳታቋርጥ ይላል። እሱ ምን አለበት፣ አስተማሪ ነው። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም፣ ሱት ሙይ፤ የአባትየው ነገር ታያለሽ። እስከዛሬ ያልጠየቅኩሽ ዶሮዋን ፈርቼ ነው፤ የራሴ ቦታ ሳይጸና እንዴት ልጄን ላምጣ ብዬ። አሁን ቤቱ ከጸናማ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ አስወጣታለሁ። ከአዲስ ዓመት በኋላ አጠገብሽ አስቀምጫት። ጣቷ ቀጭን ነው፣ ለኮሌታ ይሆናታል።»

«ነገ?» አለች ሱት ሙይ።

«ነገ ነው እንጂ። ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ሳይጠይቁኝ፤ ቦታዋን የሚጠብቁ ሰዎች ሞልተዋል፣ በዚያው ቀን ነው ለሌላ የሚሰጡት።»

ሴቶቹ ወደ እነሱ ዞረው ነበር፣ ፈገግ እያሉ፤ ልጅ ወደ ሥራ ሲገባ ሠርግ እንደማለት ነው፣ ሁሉም መራቂ ነው። ሱት ሙይ መብያ እንጨቶቿን ሳህኑ ላይ አጋደመች። አታስወጪያት ልትላት ፈለገች። አንዲት ቃል ናት። ከእሷ በኋላ ግን ለምን የምትል ትመጣለች፤ ከለምን በኋላ ቢሮው፣ ማህተሙ፣ ጉርሻው፣ ሃያ ሁለት ፊት። ዮክ ሃ ትጠብቃለች። የዝዩ ስብ ሳህኑ ላይ እየረጋ ነው።

«ለመሆኑ ከአዲስ ዓመት በኋላ ስንተኛው ቀን ነው የምንከፍተው?» አለች ፑን ከጠረጴዛው ጫፍ፣ አፏን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሰውዬው ሳይነግረን ወጣ እኮ።»

«በስምንተኛው ቀን» አለች ሱት ሙይ። ድምጿ ደህና ነበር። «ጠዋት በሁለት ሰዓት።»

«ልጅቷንስ?» አለች ዮክ ሃ።

ሱት ሙይ የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ለዮክ ሃ ቀዳችላት፣ ስኒው እስኪሞላ፣ አፉ ላይ እስኪደርስ።

«የራሷን መቀስ ይዛ ትምጣ» አለች።